ከለንደን ደርሶ መልስ፦ ለአንድ ቀን አንድ ከተማ

ለንደን ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ቀን ከተማዋን ሲያዳርስ ይቆይና ከዚያ በኋላ ሶፋ ላይ ይቀራል። ቢግ ቤንን አይቷል፣ ቴምዝ ዳር ፎቶ ተነሥቷል፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቶ እግሩ ዝሏል። አስተናጋጁም ሥራ አለበትና «ዛሬ ደግሞ ወዴት ይሂዱ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። እዚያው ዓመታት የኖረውም ሐበሻ ቢሆን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ሲል ከለንደን ወዲያ ያለውን አገር ሳያይ ልጆቹ ያድጉበታል። ከከተማዋ በባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ መንገድ ውስጥ ግን ጠዋት ተወጥቶ ማታ የሚገባባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አስጎብኚ ድርጅቶች ዊንዘርን፣ ስቶንሄንጅንና ባዝን በአንድ ቀን የሚያሳይ የአውቶቡስ ጉዞ ይሸጣሉ። አይግዙት። ሦስት ቦታ በአንድ ዋጋ ሲባል ያጓጓል፤ ነገር ግን ቀኑ የሚያልቀው አውራ ጎዳና ላይ ነው፣ የቀረውም «በዚህ ሰዓት አውቶቡሱ ጋ ተገኙ» በሚል ጥድፊያ ይበላል። በተለይ ለእኛ ሰው ጉዳቱ የባሰ ነው። ዊንዘርም ባዝም የእኛን ታሪክ የያዙ ቦታዎች ሲሆኑ፣ አስጎብኚው ሁልጊዜ የማያነሣው፣ ፈልገው የሚያገኙት ነገር አለባቸው። ስለዚህ ለአንድ ቀን አንድ ከተማ ይበቃል። ከዚህ በታች ያለውም በዚሁ ሐሳብ የተዘጋጀ ነው።

ከአዲስ አበባ ለመጣ እንግዳ አንድ ማስታወሻ፦ ሰዓቶቹን የጻፍኳቸው በጣቢያው ሰሌዳ ላይ እንደሚታዩት ነው። 09:30 ማለት የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ነው። ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀኑን መምረጥ

መጀመሪያ ቀን ይመረጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ትኬት የሚገዛው። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርግና በተዘጋ በር ፊት ይቆማል።

የዊንዘር ቤተ መንግሥት ማክሰኞና ረቡዕ ለጎብኚ ዝግ ነው። እሑድ ቤተ መንግሥቱ ይከፈታል፤ በግቢው ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግን የሚገባበት ለጸሎት ብቻ ነው። እኛ ዊንዘር የምንሄደው በዋናነት ለዚያ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የሚቀሩት ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ሐሙስን እመርጣለሁ፤ የቅዳሜ ሰልፍ ረጅም ነው። ንጉሣዊው ቤተሰብ ቦታውን ለራሱ ሲፈልገውም በድንገት ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ምሽት የቤተ መንግሥቱን ድረ ገጽ ይመልከቱ።

የባዝን ቀን የሚወስነው ደግሞ ጃንሆይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ ነው። ቤቱ ለጎብኚ የሚከፈተው በየቀኑ ስላልሆነ፣ የሚከፈትበትን ቀን አረጋግጠው በዚያ ቀን ይጓዙ። የሮማውያኑ መታጠቢያ ሁልጊዜም ማለት ይቻላል ክፍት ስለሆነ እሱ አያስቸግርም።

ወቅቱም ይታሰብበት። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከ16:00 በፊት ትጠልቃለች፤ የዊንዘርም በር በክረምታቸው ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ የመጨረሻው መግቢያ 15:00 ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ከሆነ እስከ 16:00 መግባት ይቻላል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የባቡር ሐዲድ የሚጠገንበት ጊዜ ነው፤ ባቡሩ ይቀርና በምትኩ አውቶቡስ ይቆማል፣ የአንድ ሰዓቱም መንገድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። «ናሽናል ሬይል» የሚባለው መተግበሪያ ይህን አስቀድሞ ያሳውቃል። ስልክዎ ላይ ይጫኑት።

ትኬት

የእንግሊዝ ባቡር ውድ ነው፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ነገር ግን አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ከሌላው እጥፍ ሊከፍል የሚችልበት አገር ስለሆነ፣ አሥር ደቂቃ ወስዶ ማሰብ ያዋጣል።

ኦይስተር ካርድ የለንደን ካርድ ነው፤ ዊንዘርና ባዝ ድረስ አይሠራም። ሀምፕተን ኮርት ግን ዞን 6 ውስጥ ስለሆነ በኦይስተር ይኬዳል። በኤልዛቤት ላይን ወደ ስላው ወይም ወደ ሬዲንግ የሚሄድ ሰው የባንክ ካርዱን ማስነካት ይችላል፤ ኦይስተሩን ግን አይችልም። ካርድዎ መዳረሻዎ ድረስ መሥራቱን ካላረጋገጡ ከማሽኑ ደርሶ መልስ ትኬት ይግዙ። ያለ ትኬት የተገኘ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት 100 ፓውንድ ነው፣ የጉዞው ዋጋም ይጨመርበታል። «አላወቅሁም» ማለት አያድንም።

በሥራ ቀን ከ09:30 በፊት ከተነሡ ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ። ከዚያ በኋላ፣ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ሙሉ፣ «ኦፍ ፒክ» የሚባለው ረከስ ያለ ትኬት ይሠራል። ለዊንዘር ይሄው ይበቃል። እንደ ባዝ ላለው ረዘም ያለ መንገድ ግን ከሳምንታት በፊት የሚገዛው «አድቫንስ» ትኬት ብዙ ይቀንሳል። ጉዳቱ የሚሠራው ለተመረጠው ባቡር ብቻ መሆኑ ነው፤ ባቡሩ ካመለጠ ትኬቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መሄጃውን በአድቫንስ ገዝተው፣ መመለሻውን መቼ እንደሚጨርሱ ካላወቁ ሰፋ ባለ ሰዓት ይያዙት።

ብዙ ሆኖ መሄድ ደግሞ ያዋጣል። ከ3 እስከ 9 ሆነው አብረው የሚጓዙ ሰዎች «ግሩፕሴቭ» በሚባለው ቅናሽ ከኦፍ ፒክ ዋጋ ላይ አንድ ሦስተኛ ይቀነስላቸዋል፤ ምንም ካርድ ማውጣት አያስፈልግም፣ ትኬቱን ሲገዙ መጥቀስ ብቻ ነው። ይህን የማያውቁ ስንት የአገራችን ቤተሰቦች ሙሉ ሙሉውን እየከፈሉ እንደሚሄዱ ቤት ይቁጠረው። ልጆች ያሉት ሰው ደግሞ በ35 ፓውንድ «ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬይልካርድ» ቢያወጣ፣ ለአንድ ዓመት ሙሉ አዋቂው አንድ ሦስተኛ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅ 60 በመቶ ይቀነስለታል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይከፍልም።

ለንደን ለሚኖሩ እናቶችና አባቶች የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ፍሪደም ፓስ ወይም ከ60 ዓመት በላይ ላሉት የሚሰጠው የኦይስተር ፎቶ ካርድ ያለው ሰው በኤልዛቤት ላይን እስከ ሬዲንግ በነፃ ይሄዳል። ስላው በዚያ መስመር ላይ ናት። ስለዚህ ዊንዘር ለመድረስ የሚከፍሉት ከስላው እስከ ዊንዘር ላለችው የስድስት ደቂቃ መንገድ ብቻ ነው። በሥራ ቀን 09:30 እስኪያልፍ መጠበቅ እንዳይረሳ።

የሚያዝ ነገር

ጫማ፣ ጫማ፣ ጫማ። የዊንዘር ግቢ ኮረብታ ላይ ነው፣ የባዝም መንገድ ዳገት ቁልቁለት ነው፤ ለፎቶ ተብሎ የተደረገ ተረከዝ ከሰዓት በኋላ ያስለቅሳል። ዝናብ የሚያስጥል ጃኬት በበጋም ይያዝ።

ምግብ ከቤት ቢያዝ ይመከራል። በጣቢያና በቱሪስት መንደር ያለው ሳንድዊች ዋጋው ከጣዕሙ ይበልጣል። ለጿሚ አሁን ነገሩ ቀሏል፤ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበት ሁሉ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም። «ቬጂቴሪያን» የሚለው ግን ቅቤና አይብ ሊኖርበት ስለሚችል ለጾም አይሆንም፤ እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆሎና በሶ ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ ማንንም አይጠይቅም።

ፓዲንግተንም ሆነ ዋተርሉ ጣቢያ ሲደርሱ የባቡሩ መነሻ ቁጥር ወዲያው አይታይም። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ባቡሩ ሊነሣ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው፣ ያኔ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። አረጋዊ ይዘው ከሆነ 20 ደቂቃ ቀድመው ይገኙና ሰሌዳው አጠገብ ይቁሙ።

ዊንዘር

ሁለት መንገድ አለ። ከዋተርሉ ያለ ቅያሬ የሚሄደው ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከፓዲንግተን በስላው በኩል ግን፣ በፈጣኑ ባቡር ከተሄደና ቅያሬው ከተገጣጠመ፣ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይደረሳል። ሻንጣ ወይም ጋሪ ያለው ሰው የዋተርሉውን ይምረጥ። ለሌላው የስላው ይሻላል፤ ትንሿ ባቡር ከሜዳው ወጥታ ወንዙን ስታቋርጥ ቤተ መንግሥቱ ከሩቁ ገዝፎ ብቅ የሚልበት ቅጽበት ራሱ ጉዞውን ያስወድዳል።

መግቢያው ለአዋቂ 30 ፓውንድ ገደማ ነው፤ በኢንተርኔት አስቀድሞ ሲገዛ በሩ ላይ ከሚገዛው ይቀንሳል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወይም መሰል ድጎማ የሚያገኝ ሰው ግን ለራሱና ለቤተሰቡ የአንድ ፓውንድ ትኬት መግዛት ይችላል። አንድ ፓውንድ! ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ አውቆም የሚያፍር አለ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ራሳቸው ያወጡት ደንብ ነው።

በሩ 10:00 ይከፈታል፤ እንደደረሱ ይግቡ። በሩ ላይ እንደ አየር ማረፊያ ፍተሻ ስላለ ቦርሳ ይቀንሱ። ቤተ መንግሥቱን ከ1070 ገደማ ጀምሮ የመሠረተው ድል አድራጊው ዊልያም ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ ሲጨምሩበት ኖረዋል። 1992 ላይ በእሳት ተቃጥሎ አዳራሾቹ እንደገና ታድሰዋል። የክብር አዳራሾቹ ያማሩ ናቸው፤ ወርቅ፣ ሥዕል፣ ጦርና ጋሻ በየግድግዳው። ነገር ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩባቸው። ልጆች ካሉ የንግሥት ሜሪን የአሻንጉሊት ቤት ያሳዩአቸው፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይውረዱ። ለጎብኚ የሚዘጋው ከቤተ መንግሥቱ ቀድሞ ስለሆነ ለመጨረሻ አያስቀምጡት።

ውስጥ ሲገቡ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ጣሪያው ይሄዳል፤ ድንጋዩ ከየምሰሶው ጫፍ ተዘርግቶ እርስ በርሱ ይያያዛል። ከዚያ ወደ መቃብሮቹ። ሄንሪ ስምንተኛና አንገቱን የተቀላው ቀዳማዊ ቻርልስ በአንድ ጥቁር ዕብነ በረድ ሥር ናቸው፤ ንግሥት ኤልዛቤት ከ2022 ጀምሮ ከወላጆቻቸውና ከባለቤታቸው ጋር በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ አርፈዋል። ሕዝቡ እዚያ ይሰለፋል።

እርስዎ ግን ከጠባቂዎቹ አንዱን «የልዑል ዓለማየሁ መታሰቢያ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። እነሱ ቦታውን ያውቁታል፤ የሚጠይቃቸው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም እርስዎ አይደሉም። የሚያሳዩዎት ግድግዳ ላይ ያለች የናስ ሰሌዳ ናት። ታላላቆቹን መቃብሮች አይቶ ለመጣ ዓይን ትንሽ ናት፤ ካላወቋት አልፈዋት ይሄዳሉ። ያሠራችለት ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። አስከሬኑ ያረፈው እዚያው ሥር ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው የመሬት ውስጥ መቃብር ነው፤ እዚያ ጎብኚ አይገባም።

ልጆች ይዘው ከሆነ ታሪኩን ባቡር ላይ ሳሉ ይንገሯቸው፣ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለመተረክ ቦታው አይመችም። መቅደላ በ1868 ሲወድቅና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጃቸው ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞቹ ጋር ወደ ባሕሩ ሲጓዙ መንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁን ይዞት የሄደው አማርኛ የሚናገረው፣ በቴዎድሮስ ቤት ባሻ ፈለቀ ይባል የነበረው ሻምበል ስፒዲ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያው ዓመት ዋይት ደሴት ላይ በሚገኘው ኦዝበርን ቤተ መንግሥት ተቀብላ አየችው፣ ወደደችውም። በኋላ ከስፒዲ ለይተው ትምህርት ቤት አስገቡት፣ ከዚያም ሳንድኸርስት ጦር ትምህርት ቤት። አልሆነለትም። በኅዳር 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ በሽታ በ18 ዓመቱ ሞተ። በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በ2023 ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በዚያ ያረፉትን ሌሎች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። በዚያው ዓመት መስከረም ከስፒዲ ቤተሰብ ወገን የሆኑ ሰዎች ያቆዩት የልዑሉ የፀጉር ቁራጭ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ አምባሳደር ተሰጥቷል።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም። ሰሌዳውን አንሥቶ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ይወቀው። ጸሎት ማድረስ ግን ማንም አይከለክልዎትም። ለመግቢያው የሚከፍሉት ከሌለዎትም የማታው ጸሎት ለሁሉም ክፍት ነው፤ በነፃ ገብተው ይቀመጣሉ፣ መዞር ግን አይቻልም።

እዚሁ ቦታ ላይ ሌላም የአገራችን አሻራ አለ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እንግሊዝን ሲጎበኙ የአገሪቱን ከፍተኛ የክብር ማዕረግ፣ የጋርተርን ኒሻን ተቀብለዋል። የዚህ ማዕረግ ባለቤቶች ቤተ ክርስቲያን ይሄው የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። አያት ልጇን ተነጥቃ የልጅ ልጇ በክብር ተጋበዘ እንደማለት ዓይነት ታሪክ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ማሰብ ይከብዳል።

ከሰዓት በኋላ ምሳዎን ይዘው ወደ ሎንግ ዎክ ይውጡ። ከቤተ መንግሥቱ በር ተነሥቶ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ግራና ቀኙ በዛፍ የታጀበ መንገድ ነው፤ ክፍያ የለውም። እስከ መጨረሻው መሄድ ግዴታ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ሄደው ዞር ሲሉ ቤተ መንግሥቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ ጥሩው ፎቶ ያለውም እዚያ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ኢተን ኮሌጅን ከውጭ ማየትም ይቻላል።

ባዝ

ከፓዲንግተን ባዝ ስፓ ጣቢያ ድረስ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ባቡሩ ወደ ብሪስቶል የሚሄደው ነው። ከ09:00 በፊት ቢነሡ ጥሩ ነው። በአውቶቡስም ከቪክቶሪያ ይኬዳል፣ ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ደርሶ መልስ ለሚል ሰው አልመክረውም።

ከጣቢያው ወጥተው ቀጥ ብለው ሲሄዱ በአሥር ደቂቃ የሮማውያኑ መታጠቢያ ጋ ይደርሳሉ። ትኬቱን በሰዓት ቆርጠው አስቀድመው ይግዙ፤ ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ በሥራ ቀን ይረክሳል። ከመሬት ውስጥ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው ውኃ በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል፤ ሮማውያን በዚህ ውኃ ላይ ቤተ ጣዖትና መታጠቢያ ሠሩ። ትልቁ ገንዳ እስከ ዛሬ ውኃ የሚይዘው እነሱ ባነጠፉት የእርሳስ ንጣፍ ነው፤ 45 ወፋፍራም ሉሆች። በብርድ ቀን ጠዋት ቀድመው ከደረሱ እንፋሎቱ ከአረንጓዴው ውኃ ላይ ሲነሣ ያዩታል። እጅ መንከር አይፈቀድም። መውጫው አካባቢ ግን የሚጠጣው የተጣራ ውኃ አለ፤ ለብ ያለ ነው፣ ብረት ብረት ይላል። ይቅመሱት፣ ሁለተኛ አይደግሙትም።

እዚያ ውስጥ እንዳያልፍዎ የምለው አንድ መስኮት አለ። ትናንሽ የእርሳስ ቅጠሎች ተደርድረዋል፤ 130 ያህል ተገኝተዋል። ልብሱን መታጠቢያ ቤት የተሰረቀ ሰው ሌባውን እንድትቀጣለት ሱሊስ ሚነርቫ ለተባለችው የቦታው አምላክ የጻፈው አቤቱታ ነው፤ ጽፎ፣ ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ይጥለዋል። ሴት ይሁን ወንድ፣ ባሪያ ይሁን ጨዋ፣ የሰረቀኝ እንቅልፍ አይወስደው ዓይነት እርግማን። ስለ ሌባሻይ ከአያቶቹ የሰማ የእኛ ሰው ከፈረንጁ ጎብኚ ቀድሞ ነገሩ ይገባዋል።

ለዚህ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በእግር ወደ ፑልተኒ ድልድይ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ ሮያል ክረሰንት። ይሄኛው ከ1767 እስከ 1774 የተሠራ፣ በግማሽ ክብ የቆመ ባለ 30 ቤት ረድፍ ነው። ማየት ነፃ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሣር ላይ ተቀምጠው ምሳዎን ይብሉ። የከተማው ቤት ሁሉ ማር በሚመስል አንድ ዓይነት ድንጋይ ስለተሠራ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ያምራል።

ከሰዓት በኋላውን ለፌርፊልድ ሃውስ ይተዉት። ከመሀል ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ኬልስተን ሮድ ላይ፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በከተማ አውቶቡስ ወይም በታክሲ ይኬዳል። ጃንሆይ በሰኔ 1936 ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ንግግራቸውን ካደረጉ በኋላ ወደ ባዝ መጡ፣ ይህንን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ኖሩበት። እቴጌ መነን የእንግሊዝ ብርድ ስላልተስማማቸው ብዙውን ጊዜ ያሳለፉት ኢየሩሳሌም ነው። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለው የጃንሆይ መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል የተዘጋጀው በዚህ የስደት ዘመን በዚሁ በባዝ ነው።

ቤተ መንግሥት እንዳይጠብቁ። ትልቅ፣ የተከበረ የእንግሊዝ መኖሪያ ቤት ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ጠባዩ ግን የቤት ነው። ጃንሆይ በ1958 ለከተማው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መጦሪያ እንዲሆን አበረከቱት፤ ዛሬም አረጋውያን የሚሰባሰቡበት ነው። ራስተፈሪያን ከየአገሩ እየመጡ ይሳለሙታል። የሚያስተናግዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ ሆነው የሚሄዱ ከሆነ አስቀድመው ይጻፉላቸው፣ ሲወጡም ለቤቱ መጠገኛ የአቅምዎን ይጣሉ። ዊንዘር ላይ 30 ፓውንድ ከፍሎ እዚህ አምስት መንፈግ አይገባም።

ጊዜ ካለ

ሌሎቹን በአጭሩ። ሀምፕተን ኮርት ከዋተርሉ 35 ደቂቃ ያህል ነው፤ ለልጆች ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፣ የሄንሪ ስምንተኛ ወጥ ቤትና ሰው የሚጠፋበት የአጥር መንገድ አለው። በ1768 የተተከለው የወይን ሐረግ ዛሬም ያፈራል። በክረምት የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉ ይጣራ።

ኦክስፎርድ በባቡር አንድ ሰዓት ነው፤ «ኦክስፎርድ ቲዩብ» የሚባለው አውቶቡስ ደግሞ ከቪክቶሪያ አካባቢ ሌት ተቀን ይመላለሳል፣ ይረክሳልም። አሽሞሊያን እና ፒት ሪቨርስ ሙዚየሞች ነፃ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ይዟቸው ከመጣው የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች አንዱ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ግን ለተመራማሪ እንጂ ለአላፊ አግዳሚ አይወጣም፤ እሱን አያለሁ ብለው አይሂዱ።

ባሕር ማየት የሚፈልግ እንግዳ ካለ ብራይተን ከቪክቶሪያ አንድ ሰዓት ነው። የባሕሩ ዳር አሸዋ ሳይሆን ጠጠር መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት። እጁ ላይ ያለውን የተጠበሰ ዓሣም ከወፎቹ ይጠብቅ፤ ቀልድ አይደለም፣ ይነጥቃሉ።

ሲመለሱ

የመጨረሻውን ባቡር አይጠብቁ። የመጨረሻው ከቀረ ሌላ የለም፤ ከእሱ ሁለት ቀደም ብሎ ያለውን ያስቡ። ባቡሩ ከዘገየ ደግሞ ዝም ብለው አይለፉት፤ «ዲሌይ ሪፔይ» የሚባል ካሳ አለ፣ እንደ ድርጅቱ ከ15 ወይም ከ30 ደቂቃ መዘግየት ጀምሮ ይከፈላል፣ የሚጠየቀውም በባቡር ድርጅቱ ድረ ገጽ ነው። ለዚያ የትኬቱ ፎቶ ስለሚያስፈልግ መውጫው ላይ ማሽኑ ሳይውጠው በፊት ያንሡት። ጥያቄው የሚቀርበው ከጉዞው ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ነው።